ለነፍሴ ብዬ ነው

ቆቅ ማረፊያ በሚባለው ጉብታ ላይ ስልክ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ዋንዛው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊትን ወደ ጉና ተራራ ማዞር ነው። ሰብለወንጌል ይህን ቦታ ያገኘችው ሳምንት ሙሉ ጉብታውን ስትዞር ሰንብታ ነው። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ መማሪያ ክፍሏ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች፤ እጇ ለመጻፍ ነፃ እንዲሆን ባለ ቁልፍ ስልኳን በሻሿ ከጆሮዋ ጋር ታስረዋለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች። ስልኩ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ ጠርቶ አያውቅም።

«ዝግጁ ነሽ?» ይላታል የምሕረትአብ ድምፅ።

«ዝግጁ ነኝ። ቀስ በል ብቻ።»

«ዋይ እኩል ይሆናል ቤታ ዜሮ፣ ሲደመር ቤታ አንድ ጊዜ ኤክስ፣ ሲደመር ኤፕሲሎን።»

«ቆይ፣ ቆይ! ኤፕሲሎን የቱ ነበር?»

«የተገለበጠ ሦስት የሚመስለው።»

«የግዕዙ ሦስት ነው የፈረንጁ?»

እንዲህ ስትለው በሳቅ ይፈነዳል። እሷም ብቻዋን ጉብታ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ከታች በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ቀና ብሎ ያያታል፤ የየኔታ ልጅ ምን ነካት ሳይል አይቀርም።

ሁለቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኢኮኖሚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በመጋቢት 2012 ወረርሽኙ አገር ገባ ሲባል ተማሪው ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ወደየቤቱ ተበተነ። ሰብለ ለሁለት ሳምንት መስሏት ሹራቧን እንኳ ዶርም ትታ ነበር ከእብናት ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው የትውልድ ቀዬዋ የመጣችው። ሁለቱ ሳምንት ግን ወር ሆነ። ከዚያ ትምህርቱ በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። መምህር ደምሴ የኢኮኖሜትሪክስ ገለጻቸውን በጽሑፍና በድምፅ እየላኩ፣ ማን እንዳየ ማን እንዳላየ ስም ይቆጣጠሩ ጀመር። በሰኔ ፈተና ያልተቀመጠ ትምህርቱን እንዳቋረጠ ይቆጠራል አሉ።

ሰብለ ይህን ሁሉ አላወቀችም። ግቢ ሳለች የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር እንጂ የራሷ ዘመናዊ ስልክ ኖሯት አያውቅም። በስሟ ትይዩ ሦስት ጊዜ «አልገባችም» ተብሎ ሲጻፍ ከአርባ ሁለት ተማሪ ልብ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ ምሕረትአብ አለምነው፤ በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለ አንድ ፎቅ የጨርቅ መደብር ያላቸው የወይዘሮ ለተሥላሴ ልጅ። ሦስት ዓመት ከኋላዋ ሲቀመጥ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እሷ ኩሩ ነው ትለው ነበር። እሱ ደግሞ ስትቆጣ የሚያበሩትን ዓይኖቿን ፈርቶ ይሁን ወዶ ሳይለይ ሦስቱን ዓመት በዝምታ ፈጀው። ስልክ ቁጥሯን ከዶርም ጓደኛዋ ፈልጎ፣ አራት ቀን ሞክሮ ሲያገኛት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እኔ ላንብብልሽና አንቺ ጻፊ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሚያዝያና ግንቦት እያነበበ፣ እየጻፈች አለፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ትምህርቱ ብቻ አወሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሲያስል ሰምታ «ጤናህን ነው?» አለችው። በሦስተኛው የዝናቡን ድምፅ በስልክ እንድታሰማው ለመናት። ያልገባው ነገር ሲኖር ድምፁ ሲፈጥን ታውቅበታለች፤ ታስቆመውና ታስረዳዋለች።

«እየው፣ ዝናቡ ኤክስ ነው። የአባቴ ገብስ ዋይ ነው። ዝናብ ሲጨምር ገብሱ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚነግርህ ቤታ ነው።»

«ኤፕሲሎንስ?»

«ኤፕሲሎን በረዶ ነው፤ ሳታስበው የሚመጣው።»

ምሕረትአብ ከአምና ጀምሮ ያልገባው ነገር በአንድ ማሳ ገብስ ገብቶት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን አፍጥጦ ያይ ነበር። ፊቷ ከፊቱ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚላት አያውቅም። እሷም ዝምታውን በጆሮዋ ይዛ፣ ስሙን በልቧ ደጋግማ ቁልቁል ወረደች።

ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን በረዶው መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ምሕረትአብ ምዕራፍ ስድስትን እያነበበላት ሳለ የክፍሉ በር ሲከፈት ሰማች። ቀጥሎ የወይዘሮ ለተሥላሴ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ለማን ነው እንዲህ የምትጮኸው? ጎረቤቱ ሁሉ እኮ ጠየቀኝ!»

ምሕረትአብ ስልኩን ደረቱ ላይ አስደገፈው። ድምፁ የታፈነ መስሎታል። እሷ ግን የልቡን ምት ሳይቀር ትሰማ ነበር።

«ለማንም አይደለም እማዬ። አንዲት የገጠር ልጅ ናት፤ ደህና ስልክ እንኳ የላትም። አሳዝናኝ ለነፍሴ ብዬ ነው የማነብላት።»

«ለነፍስህ ከሆነ ጥሩ። ሌላ ነገር እንዳይሆን ብቻ።»

«ምን ሌላ ነገር ይሆናል!» ብሎ ሳቀ።

ከቃሉ ይልቅ ሳቁ ነው የወጋት። ያ ሳቅ የእሷ ነበር፤ ለሁለት ወር ጠዋት ጠዋት የእሷ ብቻ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰማች። ስልኩ ወደ አፉ ተመለሰ።

«ይቅርታ ሰብለ፣ የት ደረስን?»

«ጨርሰናል» አለችው።

ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ሻሿን ከጆሮዋ ፈትታ ራሷ ላይ አሰረች። ጉና እንደ ወትሮው ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ታቦር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ገባት።

ምሕረትአብ መጀመሪያ ኔትዎርክ ነው ብሎ አሰበ። በሦስተኛው ቀን ቻርጅ ነው አለ። በአምስተኛው ቀን ግን በየቀኑ ማታ በቴሌቪዥን የሚነገረው የታማሚ ቁጥር ሲነበብ፣ ውስጡ ቁጥሩን ከስሟ ጋር እያገናኘ ያስፈራራው ጀመር። አንብቦ የሚነግራት ሰው ሲያጣ ገለጻዎቹ ሁሉ እንደገና ጨለሙበት። በመጨረሻ ደብተር ገዛና የቀሩትን ሁለት ምዕራፎች በእጁ ገለበጠ። አራት ቀን ፈጀበት። ጥቅሉን ሞላ ለሚባል የጎረቤት አይሱዙ ሾፌር ሰጠው። ሞላ እህል ሊጭን በገበያ ቀን እብናት ይወርዳል፤ ከእብናት ደግሞ ወደ ሰብለ ቀዬ የሚመለስ ገበያተኛ አይጠፋም።

ጥቅሉ ሰብለ እጅ ሲገባ ሰኔ ስድስት ነበር። ከላይ አንዲት ደብዳቤ አለች።

«ሰብለ፣ ሰላም ነሽ ወይ? ድምፅሽን ከሰማሁ አሥር ቀን ሊሆን ነው። ታመሽ እንደሆነ ታመምኩ በይኝ። ተቀይመሽኝ እንደሆነ ተቀየምኩ በይኝ። ዝምታሽን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ፈተናው ማክሰኞ ሰኔ አሥራ ስድስት፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ ልክ አምስት ሲሆን በራሱ ይዘጋል። ባልነው መሠረት ስልኬን ከሞላ ጋር እልክልሻለሁ፤ እኔ እዚህ ተውሼ እፈተናለሁ። የእጅ ጽሑፌ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ኤፕሲሎኖቹን ግን ተጠንቅቄ ነው የጻፍኳቸው።»

ሰብለ ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ስታውቀው በራሷ ተናደደችና ደብዳቤዪቱን አጣጥፋ ከደብተሩ ሥር ወሸቀቻት። ስልኬን እልክልሻለሁ! እሱም ለነፍሱ ይሆናላ!

አባቷ የኔታ ገብረሥላሴ ይህን ሁሉ ከደጃፉ መደብ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የቀረቻቸው እሷው ናት።

«ሰብለ፣ ያ የሚያነብልሽ ልጅ ታመመ እንዴ? ጉብታውን ተውሽው።»

«አልታመመም አባቴ።»

«ታዲያ?»

«አሳዝኜው ነው ያነበበልኝ። ለነፍሱ ብሎ። እርስዎ ቢሆኑ እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት ይቀበሉ ነበር?»

የኔታ የያዙትን ዳዊት ዘጉ።

«እኔ ቅኔ ስማር ሰባት ዓመት በእንተ ስማ ለማርያም እያልኩ በሰው ደጅ ቆሜ ነው የበላሁት» አሉ። «አንዷ በፍቅር ትሰጠኛለች፣ ሌላዋ ሂድልኝ ብላ ትወረውርልኛለች፤ ውሻ የለቀቀችብኝም አለች። እንጀራው ሆዴ ከገባ በኋላ ግን አንድ ነው። በንዴት ትምህርቴን ትቼ ቢሆን ዛሬ የኔታ የሚለኝ አልነበረም። በልጁ ብትቀየሚ ተቀየሚ፤ በደብተሩ ግን አትቀየሚ።»

ሰብለ ያን ዕለት ደብተሩን ገለጠች። ምዕራፍ ስድስትን ሁለቴ፣ ሰባትን ሦስቴ አነበበች። በየገጹ ጫፍ፣ ደክሞት ብዕሩ የተንሸራተተበትን ቦታ ስታይ ልቧ ይከዳታል፤ ሳቁ ትዝ ሲላት ደግሞ ይመለሳል። በሚቀጥለው ገበያ መልሷን ላከች።

ምሕረትአብ ያችን ወረቀት የተቀበለው እሑድ ከሰዓት በእናቱ መደብር ውስጥ ነው። አራት መስመር ነበረች።

«ለነፍስህ ያደረግኸውን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ። እኔ ግን ለሰው ጽድቅ መሰላል መሆን አልፈልግም። ስልክህን አትላክ። ፈተናውን በራሴ መንገድ እፈተናለሁ።»

ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለገውም። ስልኩን ደረቱ ላይ ያስደገፈበት ጠዋት እንዳለ ተመለሰበት፤ የተናገረው ቃል፣ የሳቀው ሳቅ። ፊቱ ሲገረጣ እናቱ ከጨርቁ ክምር ጀርባ አዩት።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«የለም እማዬ። እኔ ነኝ ሰው የገደልኩት።»

«አንተ! ምን ማለትህ ነው?»

«ያን ቀን ለነፍሴ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ፈርቼሽ ነው። እንደዚያ ስልሽ ልጅቷ እየሰማች ነበር። አሳዝናኝ አይደለም። እወዳታለሁ። ደግሞ ሌላም አለ። አምና በዚሁ ትምህርት በመጀመሪያው ክፍል ዲ አምጥቼ ደብቄሻለሁ። ዘንድሮ ብወድቅ አልመረቅም ነበር። እኔ አነበብኩላት እንጂ ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ወይዘሮ ለተሥላሴ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው የታጠፈውን ጨርቅ እንደገና ማጠፍ ጀመሩ።

«ነገ ጠዋት ወደ እሷ እሄዳለሁ» አላቸው።

ከመደብሩ ሲወጣ ደረቱ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ነበር፤ እናቱን ያሳዘነ ሰው ሐዘንና፣ ከዓመታት በኋላ እውነት የተናገረ ሰው ቅለት።

ሰኞ በጠዋት ሚኒባስ ያዘ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት የሚጫነው ግማሽ ሰው ስለነበር ወረፋው ረዘመበትና እብናት ሲደርስ ረፋድ ሆነ። በእብናት ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች ሁሉ ተዘግተው አየ። ሰብለ «በራሴ መንገድ» ያለችው መንገድ የት ላይ እንደሚቆም ሲገባው እግሩ ፈጠነ። ሦስቱን ሰዓት መንገድ ጠየቀ፣ ጭቃ ረገጠ፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ ሁለት ገበሬዎች ክንዱን ይዘው አሻገሩት። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ጭንቅላቱ ላይ አስሮት ነበር።

ሰብለ ጉብታው ላይ ነበረች። ለነገው ፈተና ደብተሩን ልታጠና ወጥታ ነው እንጂ የምትጠብቀው ጥሪ አልነበረም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ፣ ማስኩ አገጩ ሥር የወረደ ሰው ሲወጣ አየች። መጀመሪያ ያወቀችው አተነፋፈሱን ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሰምታዋለች።

ብድግ አለች። እሱ ከሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ማስኩን ወደ አፍንጫው መለሰ።

«አልጠጋሽም» አለ እያለከለከ። «ብዙ ሰው መሐል ነው የመጣሁት።»

«ለምን መጣህ?»

«ይቅርታ ልልሽ።»

«በስልክ አይባልም?»

«በስልክ ነው የበደልኩሽ። ሌላውን ደግሞ ዓይንሽን እያየሁ ነው መናገር ያለብኝ።»

ሰብለ ክንዶቿን አጣመረች። ዓይኖቿ ግቢ ሳሉ እንደሚፈራቸው ያበሩ ነበር።

«ምሕረትአብ፣ የገጠር ልጅ ማለትህ አልከፋኝም። የገጠር ልጅ ነኝ። ደህና ስልክ የላትም ማለትህም አልከፋኝም፤ የለኝም። ግን ሳቅህ! 'ምን ሌላ ነገር ይሆናል' ብለህ ሳቅህ። እኔ እኮ... እኔ ሌላ ነገር አድርጌው ነበር።»

ይህን ካለች በኋላ ፊቷን ወደ ጉና አዞረች። እንባዋን ሊያይባት አልፈለገችም።

«ሳቄ የፈሪ ሳቅ ነው ሰብለ» አላት። «ሌላ ነገር እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ለእናቴ ብነግራት ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ። ለአንቺ ብነግርሽ ስልኩን ትዘጊዋለሽ ብዬ ፈራሁ። በሁለቱም በኩል ፈርቼ መሐል ላይ አንቺን አዋረድኩሽ። ደግሞ ማን ለማን እንዳዘነ ልንገርሽ? አምና ዲ ነው ያመጣሁት። አንቺ ባትኖሪ ዘንድሮ እወድቅ ነበር። የገብሱን ነገር የነገርሽኝ ቀን ስልኩን ከዘጋን በኋላ አለቀስኩ። እውነቴን ነው። ለነፍሴ የሆንሽላት አንቺ ነሽ።»

ሰብለ ዘወር አለች። ጭቃውን፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደረቀውን ደም፣ ጭንቅላቱ ላይ የቀረውን የፌስታል ቁራጭ አየች። ልትቆጣው ከንፈሯን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እናትህ ያውቃሉ?»

«ትናንት ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

«እያወቅህ መጣህ?»

«መጣሁ።»

ሦስቱ እርምጃ በመካከላቸው እንዳለ ነው፤ ግን ከደብረ ታቦር እስከ ቆቅ ማረፊያ የነበረው ርቀት ሁሉ ያንጊዜ ተዘጋ።

የኔታ ለእንግዳው የተልባ ወጥና የገብስ ዳቦ አስቀርበው፣ ጾም መሆኑን ይቅርታ ጠይቀው፣ በእልፍኙ መደብ አስነጠፉለት። ስለ ምንም አልጠየቁትም። ዳቦውን ሲቆርሱለት ብቻ «አይዞህ ልጄ፣ ብላ» አሉት። ምሕረትአብ አንገቱን ደፍቶ በላ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጉብታው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ስልኩ አንድ፣ ተፈታኙ ሁለት፣ ጊዜው ሁለት ሰዓት። ፈተናው ለእያንዳንዱ አምሳ ደቂቃ ይወስዳል።

«አንቺ ቅደሚ» አላት።

«ዕጣ እንጣል።»

«ሰብለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሺ በይኝ።»

ቀደመች። እሱ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ጥያቄውን ማየት አልፈለገም። ካፊያው ስክሪኑን እንዳያበላሽባት ነጠላዋን ተከናንባ በውስጡ ሠራች። ሁለቴ ተቋረጠ፣ ሁለቴ ተመለሰ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ «ተልኳል» የሚል ቃል ወጣ። ስልኩን በጣቷ ጫፍ አቀበለችውና እሷም በተራዋ ፊቷን አዞረች።

ምሕረትአብ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ኔትዎርኩ ጠፋ። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። አሥራ አምስት። ጉሙ እየወፈረ መጣ። አራት ሰዓት ከአርባ ሆነ።

«የአንቺ ገብቷል» አላት ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እኔ ግድ የለም፣ ለከርሞ—»

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። «ለከርሞ ብሎ ነገር የለም። ተነሥ!»

«የት?»

«ከወዲያ ማዶ ያለው አምባ ከዚህ ይበልጣል። ሞክሬው አላውቅም። ተነሥ አልኩህ!»

ሮጡ። ወረርሽኙን፣ ሦስቱን እርምጃ፣ ሁሉን ረስታ እጁን ይዛ ትጎትተው ነበር። እሷ ድንጋዩን ታውቀዋለች፤ እሱ ሁለቴ ተደናቅፎ ሁለቴም አነሣችው። አምባው አናት ላይ ሲደርሱ ደረታቸው ሊፈነዳ ደርሷል። ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣው። ምንም። ወደ ቀኝ ዞረ። ምንም። ወደ ገደሉ ጫፍ ሁለት እርምጃ ሲጠጋ አንዲት መስመር ታየች።

«እዚያው! አትንቀሳቀስ!» ብላ እንዳይንሸራተት ጃኬቱን ከኋላ ጨምድዳ ያዘች። እሱ የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ሠራ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት። ተጫነው። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች።

«ተልኳል።»

ሁለቱም ቃሉን በአንድ ድምፅ ነበር ያነበቡት። ጃኬቱን ገና አልለቀቀችውም፤ እሱም ልቀቂኝ አላላትም።

ስልኩ እዚያው እጁ ላይ ጮኸ። «እማዬ» ይላል። ምሕረትአብ ፊቱ ተለወጠ። አነሣው።

«ደረስክ?» አሉ ወይዘሮ ለተሥላሴ። ድምፃቸው እስከ ሰብለ ይሰማል። «ከትናንት ጀምሮ ስደውል አይገባም። ወንዙ ሞልቷል ብሎ ሞላ ሲነግረኝ ልሞት ነበር። ተፈተንክ?»

«ተፈተንኩ እማዬ። ሁለታችንም።»

«ልጅቷ አለች? ስጣት እስቲ።»

ሰብለ ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጎላታል።

«እንደምን አሉ፣ እትዬ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስምሽ ማነው?»

«ሰብለወንጌል።»

«ሰብለወንጌል፣ ስሚኝ ልጄ። እኔ ደብረ ታቦር የገባሁት ከአንበሳሜ ገጠር ቅቤ ተሸክሜ ነው። የገጠር ልጅ ተብሎ ሲሳቅብሽ የት ላይ እንደሚያም አውቀዋለሁ። ያን ቀን መስማትሽን ባውቅ ኖሮ ራሴ እደውልልሽ ነበር። እሑድ ለታ ጀርባዬን የሰጠሁት ተቆጥቼ መስሎት ይሆናል። አፍሬ ነው። ልጄ እውነቱን ለእኔ ለመንገር የሚፈራኝ እናት መሆኔን ሳውቅ አፈርኩ።»

ሰብለ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አለሽ ወይ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«አባትሽን ሰላም በይልኝ። ጾሙ ሲፈታ እንግዳ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ባዶ እጄን አልመጣም። እስከዚያ ያን ልጅ ወንዙ ሳይጎድል እንዳትለቂው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰብለ ምሕረትአብን አየችው፤ ምን እንዳሉ ሊጠይቃት ፈልጎ ፈርቶ ቆሟል። ልትነግረው ብትሞክር ቃሉ ከእንባ ጋር ተቀላቅሎ አልወጣ አላት። ራሷን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች፤ እሱም ገባው፤ ዓይኑን በሁለት መዳፉ ሸፈነ።

ያን ጊዜ የሁለት ወሩ ጉብታ፣ የሦስት ሳምንቱ ቂም፣ የሁለት ሰዓቱ ጭንቀት አንድ ላይ ለቀቃት። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያም በጀርባዋ ተንጋለለች። ካፊያው ፊቷን ያጥባታል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች።

የኔታ ገብረሥላሴ በሩጫቸው ደንግጠው ዘንጋቸውን ይዘው አምባውን ሲወጡ ልጃቸው መሬት ላይ ተዘርግታ ስታነባ፣ እንግዳው ልጅ አጠገቧ ተንበርክኮ አገኟቸው።

«ምነው ሰብለ? ወደቅሽ እንዴ?»

«አልወደቅኩም አባቴ» አለች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እናቷ ካለፉ ወዲህ ሰምተውባት አያውቁም። «እያረፍኩ ነው።»